ሦስት ክሬዲት በቁይ

ምስጋናው ፈንታው ወደ ቁይ የሄደው ለሦስት ክሬዲት ነበር። ሰው ገደለ። ከዚህ በኋላ የሚወራው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው፤ መንገዱም አጭር ነው፣ አንድ ክረምት እንኳ አልሞላም።

ልጁ የሕግ ተማሪ ነው። አራተኛ ዓመቱን ጨርሶ አምስተኛ ከመግባቱ በፊት ክረምቱን አንድ ፍርድ ቤት ተቀምጦ መቶ ስድሳ ሰዓት መሥራት ነበረበት። ኤክስተርንሺፕ ይሉታል። ሰዓቱ ሞልቶ፣ ቅጹ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ሲመጣ ሦስት ክሬዲት ይያዝለታል፤ ካልመጣ ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም። የምደባው ዕጣ በሰኔ ወጣ። ለሌላው ማርቆስ፣ ለሌላው ባሕር ዳር ሲደርስ ለምስጋናው ቁይ ደረሰው። የሚቀይረው ሰው ሳምንት ሙሉ ለመነ። በሐምሌ ጭቃ ቁይ ልግባ የሚል ሞኝ አልተገኘም።

ማርቆስ ያለችው እናቱ ፍቅርአዲስ የከተማዋን ስም ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው።

"አገር ሁሉ አልቆ እዚያ?"

"ዕጣ ነው እማ።"

"ያባትህ ደም ያለበት አገር ነው! ከሦስት ዓመትህ ጀምሮ እንዳትረግጠው አድርጌ ያሳደግሁህ ለዚህ ኖሯል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የምስጋናው አባት ፈንታው አካለ ወልድ ከቁይ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ አራሽ ነበር። በመስኖ ውሃ ተጣላና ውበቱ የሚባል ጎረቤቱን በመጥረቢያ ገደለው። ተያዘ፣ ተከሰሰ። አንድ ዘመዱ ችሎት ቀርቦ "በዚያን ቀን ፈንታው ማርቆስ እኔ ቤት ነበር" ብሎ ማለለት። ሌላ ያየ ሰው አልተገኘምና ተለቀቀ። ፍርድ ቤት ቢለቀውም የሟች ዘመዶች አለቀቁትም፤ ደሙ አልደረቀም። ፈንታው ሚስቱንና ልጁን ማርቆስ አስቀምጦ ወደ መተማ ለጉልበት ሥራ ወረደ፣ እዚያው በወባ ሞተ። ባለደሞቹ በወባ ሞት የሚረኩ ሰዎች አልነበሩም። ወንድ ልጅ እንዳለው ያውቃሉ፤ ልጅ ደግሞ ያድጋል።

"ስምህን ሲጠይቁህ ምስጋናው ፈንታው በልና አፍህን ዝጋ" አለችው እናቱ የጃኬቱን ኮሌታ ይዛ። "ፈንታው በየደጁ አለ። አካለ ወልድ ግን በዚያ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው። የአያትህን ስም ከአፍህ ብታወጣ ሬሳህን ነው የምቀበለው። ማልልኝ።"

ማለላት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሲምል ከልቡ ነበር።

በቁይ የተመደበው ከወረዳው ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ካለችው የነጻ የሕግ ድጋፍ ክፍል ነው። ክፍሏ ከጤና ጣቢያው ጋር አጥር ለአጥር ናት፤ ሰው እዚያ ተሰፍቶ እዚህ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በዱላ ክንዱ የተሰበረ ሽማግሌ፣ ጆሮዋን ባሏ የነከሳት ልጅ እግር፣ በወንድሙ ማጭድ ጀርባው የተተረተረ ጎረምሳ መጡ። ምስጋናው ሦስቱንም አቤቱታ ጻፈ። የጎረምሳውን ሲጽፍ ደሙ በፋሻው አልፎ ወንበሩ ላይ ተንጠባጠበ፤ ምስጋናው ወጥቶ ሄዶ አስመለሰውና ተመልሶ ጨረሰው።

"ተመልሰህ መጨረስህ ጥሩ ነው" አሉት የክፍሏ ኃላፊ አቶ ዘመነ።

አቶ ዘመነ ድሮ ፖሊስ ነበሩ። የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት ስድስት ክረምት ሙሉ እየተመላለሱ ተምረው ነው፤ ስድስቱንም ክረምት ያለ ዕረፍት። ስለዚህ ክረምት የሚመጣን ተማሪ ሲያዩ አንድ ነገር ይቆረቁራቸዋል። ለሰዓት አያዝኑም፣ ቅጽ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ካዩ ሰው የሰደባቸው ያህል ይቆጣሉ። "እኔ በስድስት ክረምት ጭቃ ያገኘሁትን አንተ በአንድ ሐምሌ ልትወስደው ነው፤ ቢያንስ በትክክል ሙላው" ይሉታል። ሰውየው ፍትሐዊ ናቸው፣ ማንም ክፉ አይላቸውም። ልጁን ለጥፋት የዳረገው ያ ትክክለኛነታቸው ሆነ እንጂ።

በሐምሌ አጋማሽ አንዲት ሴት ገባች። እቴናት ትባላለች፤ አርባ አምስት ቢሆናት ነው። የላይ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ከፊት ጥርሷ አንዱ የለም፤ ስፍራው ገና ትኩስ ነው።

"ማን መታዎት እትዬ?" አላት ምስጋናው።

"የባሌ ወንድም። ጥርሱን ተወው፣ ለጥርስ አልመጣሁም። መሬቴን ብዬ ነው።"

ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ የልጇ የየኔአለምና የራሷ መተዳደሪያ የሆነውን የእርሻ መሬት የባሏ ወንድም መሳፍንት ከአምስት ዓመት በፊት ነጥቋታል። ለመንጠቁ የሰጠው ምክንያት የምስጋናውን ብዕር አስቁሞታል።

"'ያንቺን ባል ደም ሕግ በላው፤ የምመልሰው እኔ ነኝ' አለኝ። 'ደም የሚመልስ ሰው ጠመንጃ ይፈልጋል፣ መሬቱ ለጠመንጃው ነው' አለኝ። ምንሽሩን ገዛ። አምስት ዓመት አረሰልህ! አንድ ቀን እንኳ ማርቆስ ድረስ ብቅ ብሎ የገዳዩን ዘር አልጠየቀም። ጤፌን ግን በየዓመቱ ይወቃል። ዘንድሮ 'ምነው የልጅቱን እንኳ ብትተውላት' ብለው በሰደፍ አፌን መታኝ።"

ምስጋናው ጎንበስ ብሎ መጻፉን ቀጠለ። ለመሬት ክርክር የገዳዩ ስም አያስፈልግም፤ ይህን ያውቃል። ግን ጠየቀ።

"ባልዎን ማነው የገደለው?"

"ፈንታው አካለ ወልድ" አለችና ወለሉ ላይ ደም የቀላቀለ ምራቅ እንትፍ አለች። "በመጥረቢያ። እዚህ ጋ።" ከአንገቷና ከትከሻዋ መገናኛ ላይ እጇን አሳረፈች። "እኔ ነኝ ያነሳሁት። ራሱ ወደ ጎን ዞሮ ቀረ፣ ላቀናው ብል እንቢ አለኝ። ሰውየውን እዚሁ ፍርድ ቤት አቀረቡት። አንድ ውሸታም መጥቶ ማለለትና ወጣ። እኔ እዚያ ችሎት ወለል ላይ ተንከባለልኩ። ዳኛው 'አስወጧት' አለ። ልንገርህ ልጄ፣ ያን ቀን ተፈርዶበት ቢሆን መሳፍንት ዛሬ ምን ብሎ መሬቴን ይወስድ ነበር? ባሌን መጥረቢያው ገደለው፣ እኔን የገደለኝ ያ ምስክር ነው።"

ምስጋናው ብዕሩን አስቀመጠ። ውሃ እጠጣለሁ ብሎ ወጣና አጥሩ ጥግ ቆመ። አባቱን አያስታውሰውም። እናቱ "ተጣልተው ነው፣ አጋጣሚ ነው" ብላ ነው ያሳደገችው፤ ስለዞረው አንገት የነገረው ሰው የለም። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ተመልሶ ገባና የዚያን ክረምት ምርጥ አቤቱታውን ጻፈ። ዳኛው በሳምንቱ እግድ ሰጡ፤ ነገሩ እስኪጣራ መሳፍንት መሬቷን እንዳያርስ፣ እንዳይዘራ። ፍርድ ቤቱ ነሐሴ አንድ ለዕረፍት ስለሚዘጋ ዳኛው ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ቀን ቦታው ድረስ ሄደው ድንበሩን በዓይናቸው ሊያዩ ቀጠሩ። ምስጋናው ሰዓቱን ደመረ። እስከዚያ ቀን መቶ ሃምሳ ሁለት ይሆናል፤ ያ ቀን ስምንት ነው። ሊሞላ ነው።

እግዱ የወጣ ዕለት አቶ ዘመነ የአገልግሎት ቅጹን ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጹ በሁለት ቅጂ ይሞላል፤ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ ለባለጉዳይዋ።

"የአያትህ ስም የታለ?"

"በሁለት ስም ነው የምታወቀው አቶ ዘመነ።"

"በሁለት ስም የምትታወቀው እናትህ ቤት ነው። እዚህ 'ሙሉ ስም እስከ አያት' ይላል። ያለዚያ አልፈርምም፣ መቶ አርባ ሰዓትህም ውሃ በላው።"

እቴናት ጎኑ ቆማ ነበር። ማንበብ እንደማትችል ያውቃል፤ አቤቱታውን በአውራ ጣቷ ነው የፈረመችው። ልጅቷ የኔአለም አሥራ ሁለተኛ ክፍል መሆኗንም ነግራዋለች፤ እሱ ግን ያን ሰዓት አላሰበውም ወይም ሊያስበው አልፈለገም። የተማረ ሰው ሞኝነት እንዲህ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ወረቀት ላይ የሚቀር ይመስለዋል። አካለ ወልድ ብሎ ጻፈ። እቴናት ቅጂዋን አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ደንግጦ አነሳት።

ሐምሌ ሃያ ስምንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች። ክፍሏ ውስጥ አልገባችም፤ በጣቷ ጠርታ ወደ አጥሩ ጀርባ ወሰደችው። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። አገጯን በጨርቅ ጠፍራዋለች።

"የማን ልጅ ነህ?"

ወደ ክፍሏ በር ዞሮ አየ።

"የማን ልጅ ነህ ብዬሃለሁ!"

"የፈንታው አካለ ወልድ።"

በጥፊ መታችው። ደገመችው። ከዚያ በቡጢ ደረቱን፣ ትከሻውን፣ አፉን መደብደብ ጀመረች፤ የገበሬ ሴት እጅ ነው፣ ከንፈሩ ፈነዳ። አልተከላከለም። እጆቹን ወደ ታች ለቆ ቆሞ ተቀበላት፤ እሷ ደክሟት ድንጋይ ላይ እስክትቀመጥ።

"ቅስሜን ሰብረኸዋል" አለች እያለቀሰች። "አቤቱታዬን የጻፈው እጅ የዚያ ሰውዬ እጅ ነው? በፊቴ ተቀምጠህ ስታስለፈልፈኝ ምን እያልክ ነበር በሆድህ?"

"አፈርኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።"

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "መሳፍንት እግዱ ሲደርሰው መጥቶ ደበደበኝ። ወረቀቶቼን ሊያቃጥል ሣጥኔን ሰበረ። ያንተን ስም አነበበ። ሳቀ። አምስት ዓመት ያልፈለገው ነገር በእግሩ መጣለት፤ አሁን ካልገደለህ አገር ይስቅበታል። ነገ ድንበሩ ላይ ይጠብቅሃል። እንዳትመጣ።"

"ካልመጣሁ ለእርስዎ የሚቆም የለም። አቶ ዘመነ ነገ ማርቆስ ስብሰባ አለባቸው። ዳኛው ለጥቅምት ይቀጥሩታል፤ እስከ ጥቅምት እሱ ዘርቶ አርሞ 'የእኔ ነው' ይላል።"

"እና ለእኔ ብለህ ልትሞት ነው?"

ውሸት አልመጣለትም። "ለእርስዎም ነው። ስምንት ሰዓትም ቀርቶኛል።" ምን ስምንት ሰዓት እንደሆነ ነገራት።

በአንድ ዓይኗ አየችው። "ሦስት ምን አልከው?"

"ክሬዲት።"

"ይበላል?"

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ የእሷ አገጭ የእሱም ከንፈር አላስቻላቸውም።

አሁን ሰው "ለምን ለፖሊስ አልተናገረም?" ይል ይሆናል። ትክክል ነው፤ መናገር ነበረበት። ግን ቢናገር የማን ልጅ እንደሆነ ይወጣል፤ ከባለጉዳይዋ ጋር የደም ጠብ እያለበት ደብቆ አቤቱታ መጻፉ ይታወቃል፤ አቤቱታው ሊሰረዝ፣ ሰዓቱም ሊሰረዝ ይችላል። ይህን ሁሉ እንደ ፈተና ጥያቄ አወጣ አወረደ። በመጨረሻ "ዳኛው አሉ፣ ፖሊስ አብሮ አለ፣ በዳኛ ፊት ማን ይተኩሳል?" ብሎ ለራሱ ፈረደለት።

ዳኛው በፊቱ አልነበሩም። በማግሥቱ የፍርድ ቤቱ መኪና ከቀበሌው በታች ጭቃ ውስጥ እስከ ጎማዋ ግማሽ ገባች። ዳኛው ሱሪያቸውን ጠቅልለው መንገድ ዳር ቆሙ፤ ፖሊሱና ሾፌሩ መግፋት ጀመሩ። ምስጋናው ግን ከእቴናት ጋር በአቋራጭ በእግር ስለመጣ ቀድሞ ደርሷል። ጉም ሜዳውን ሸፍኖታል። መሬቱ ትናንት ታርሷል፤ እግዱን ጥሶ። ድሮ ውበቱ የተከላቸው የድንበር ድንጋዮች ተነቅለው ትልሙ ዳር ተጥለዋል፤ ጭቃቸው አልደረቀም።

"አርሶታል" አለ ምስጋናው። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ድንጋዮቹን መቁጠር ጀመረ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

"የፈንታው ልጅ!"

መሳፍንት ከጉሙ ወጣ። ወፍራም፣ ሽበት የጀመረው፣ ጋቢውን በወገቡ ያሰረ ሰው ነው። ምንሽሩ እጁ ላይ ነው፣ አቀባብሎታል።

"ጎሽ! አባትህ እንኳ እንዲህ አልደፈረም። ወንድሜን ገድሎ ሸሸ። አንተ ደግሞ አባትህ የገደለውን ሰው መሬት ልትለካ መጣህ!"

"ዳኛው እየመጡ ነው" አለ ምስጋናው። ድምፁ ቀጥኖ ሲወጣ ሰማውና አፈረበት።

እቴናት ሮጣ በመሃላቸው ገባች። ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ጭቃው ላይ ጣለችው። በዚያ አገር ሴት ነጠላዋን ከሁለት ጠበኞች መሃል ከጣለች ጠቡ ይቆማል፤ ስንት እሳት የሆነ ገበሬ ነጠላ ሲወድቅ አይቶ ዱላውን ጥሏል። ረግጦ የሚያልፍ ወንድ ከሰው አይቆጠርም።

"በወንድምህ አጥንት ይዤሃለሁ መሳፍንት! እኔ ነኝ ሚስቱ። ደሙ የእኔ ነው። እኔ አልፈለግሁም!"

መሳፍንት ነጠላውን አየው። አንድ አፍታ አይኑ ወለል አለ። ከዚያ ጭቃ ባዘለ ጫማው ረግጦት አለፈ።

እቴናት አፈሙዙን በሁለት እጇ ያዘች። ጠመንጃው ጮኸ። ምስጋናው በቀኝ ጆሮው መስማት ተወ። የእቴናት የግራ መዳፍ ተከፍቶ ሁለት ጣቶቿ በቆዳ ተንጠልጥለው አየ፤ እሷ አልጮኸችም፣ ተቀምጣ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ትመለከታለች። መሳፍንት ሊያቀባብል ጠመንጃውን ወደ ራሱ ሳበ።

ምስጋናው የድንበሩን ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳ። ከባድ ነበር፤ እንዴት እንደቀለለው በኋላ ማስታወስ አልቻለም። የመጀመሪያውን ከጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈው። ጠመንጃው ወደቀ። መሳፍንት በጉልበቱ ተንበረከከና "ቆይ" አለ፤ እጁን ዘርግቶ "ቆይ" አለ። ምስጋናው ሰምቶታል። ሁለተኛውን ግንባሩን መታው። ሰውየው በጀርባው ትልሙ ውስጥ ተዘረጋ። ሦስተኛውን ሲያወርድ አንድ ነገር ውስጡ ተከፈተ፤ የዞረውን አንገት፣ የእቴናትን ጥርስ፣ እናቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ስትቆልፍ የኖረችውን ሁሉ በድንጋዩ ላይ ጨምሮ ነው ያወረደው። ደስታ ነበረው። ያ ደስታ ነው በኋላ እንቅልፍ የነሳው። አራተኛው የወረደው የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው፤ ድምፁ እንደ በፊቶቹ አልነበረም።

ጉሙ ውስጥ "ማነው? ማነው የተኮሰው?" እያለ የሚሮጠው ፖሊስ ሲደርስ ልጁ ድንጋዩን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። ደብተሩ ጭቃው ውስጥ ተከፍቶ ወድቋል፤ ድንጋዮቹን እስከ አምስት ቆጥሯል።

ቁይ ፖሊስ ጣቢያ አስገቡት። በማግሥቱ ጠዋት አቶ ዘመነ መጡ። ስብሰባውን ጥለው ሌሊት በጭነት መኪና ነው የተመለሱት፤ በአንድ ቀን ያረጁ ይመስላሉ። ከፍርግርጉ ወዲህ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

"አካለ ወልድ አስብዬ ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ" አሉ። "ለምን አልነገርከኝም? እደበድብህ ነበር፣ ግን ከዚህ ፍርግርግ ውጭ እደበድብህ ነበር።" አይናቸውን አሹ። "ስማኝ። ምስክር አንድ ሰው ነው፣ እሷ። ጤና ጣቢያ ተኝታ ቃሏን ሰጥታለች። 'ሊገድለን ሲል አንድ ጊዜ መታው፣ ወደቀ፣ ሞተ' ብላለች። የሕክምናው ወረቀት ራስ ቅሉ ተሰብሯል ይላል፤ ስንት ጊዜ አይልም። አንድ ካልክ አንቀጽ ሰባ ስምንት ነው፣ ሕጋዊ መከላከል፣ ቤትህ ትገባለህ። ከዚያ በላይ ካልክ ከመጠን ያለፈ ነው። ዓመታት ነው። እኔ የማስተምርህ ነገር አይደለም።"

ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሰዓት ቅጹ ነው። "የትናንቱን ስምንት ሰዓት ሞላሁት። ለባለጉዳይህ ቆመህ ነበርና ይቆጠራል። መቶ ስድሳ። ማኅተሙ አርፎበታል።"

ምስጋናው ወረቀቱን አየ። አራት ዓመት የተማረበት ነገር መዳረሻ ነው፤ ማኅተሙ ሰማያዊ ሆኖ ደምቋል።

ወደ ረፋዱ እቴናት እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ የኔአለም ደግፋት መጣች። ጣቶቿን ቆርጠዋቸዋል። ፍርግርጉን በደህና እጇ ያዘች።

"አንድ ብያለሁ። አንድ በል።"

"አራት ነው እትዬ። እርስዎም አይተዋል።"

"ያየሁትን እኔ አውቃለሁ። አንድ በል ብዬሃለሁ! እናት አለህ።"

"ለአባቴም እንዲህ ተባለለት።"

እቴናት ፍርግርጉን ለቀቀች። የተመታች ያህል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ግቢው ውስጥ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ጭቃ ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፤ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል።

"ማናት?" አለ ምስጋናው።

"ሚስቱ ናት። ወለተ ኪዳን።" እቴናት ዞራ አላየቻትም። "ያን ምስክር እስከ ዛሬ ስረግመው ኖሬያለሁ" አለች ቀስ ብላ። "አሁን እኔ ሆኜ አረፍኩት።" ከዚያ ግን አገጯን ቀና አደረገች። "ቢሆንም ቃሌን አላነሳም። ጣቶቼን ያወጣሁበት ልጅ ነህ። አንተ የፈለግኸውን በል።"

ሳጅን አንተነህ ቃሉን ሊቀበል ወደ ቢሮው አስገባው። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የወለተ ኪዳን ለቅሶ ይገባል። አቶ ዘመነ በሩ ላይ ቆሙ። ሳጅኑ ደግ ሰው ነው፣ ልጁ እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እስክሪብቶውን አነሳ።

"እማኟ አንድ ጊዜ መታው ብላለች። እንደዚያ ነው አይደል?"

ምስጋናው እናቱን አሰበ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትሰማለች። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሸሸችው ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ደርሶበታል፤ አንድ ካለ ማርቆስ ድረስ ይከተለዋል፣ ከእሱ በኋላም የሚወልደውን ይከተላል። እዚያ ጭቃ ላይ ያሉት ልጆች ያድጋሉ፤ የመሳፍንት ዘመዶችም "ሕግ በላው" ብለው የአንዲትን ሴት መሬት ይወስዳሉ። ፈራ።

"አራት ጊዜ ነው።"

"ኧረ ልጄ!" አሉ አቶ ዘመነ ከበሩ።

"የመጀመሪያው ጠመንጃውን ለማስጣል ነው። ሁለተኛውን ስመታው 'ቆይ' ብሎኛል፣ ሰምቻለሁ። ሦስተኛውና አራተኛው በጀርባው ተኝቶ ነው።"

ሳጅኑ ቀና ብሎ አቶ ዘመነን አየ። ከዚያ ጻፈ። ሲጨርስ "ሙሉ ስም፣ እስከ አያት" አለ፤ ዓይኑን ሳያነሳ።

"ምስጋናው ፈንታው አካለ ወልድ።"

ደንቡ ነውና ቃሉን ከመፈረሙ በፊት ሳጅኑ ጮክ ብሎ አነበበለት። ስሙን ከነአያቱ፣ ቀኑን፣ ድንጋዩን፣ አራቱን ምት አንድ በአንድ፣ "ቆይ" የሚለውን ጭምር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ከተማ ውስጥ ሊነበብ ሲገባው ሳይነበብ የቀረ ዓይነት ወረቀት ነው። ግቢው ውስጥ ለቅሶው ቆመ። ምስጋናው በመስኮቱ አየ፤ ወለተ ኪዳን ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላለች፣ እቴናት ከጎኗ ቆማለች፣ ሁለቱም ሳጅኑ እስኪጨርስ ያዳምጣሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ።